ስምንት ዓመት የተደበቀ ቢላዋ

በእኛ አገር ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። እናቴ ከከምባታ ተድራ ከመጣች ጀምሮ የአያቶቼን ስም በአፏ አልጠራችም፤ «እዚያ ቤት ያሉት» ትላለች፣ ሁሉም ይገባዋል። እኔም በዚህ ጽሑፍ የማንንም ስም አልጠራም። አጎቴን አጎቴ፣ ሽማግሌውን ሽማግሌው እያልኩ እሄዳለሁ። ሰዎቹ ጥቂት ስለሆኑ አንባቢ አይቸገርም ብዬ አስባለሁ።

ሆሳዕና የምማር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የትምህርት ዘመኑ ዘግይቶ ስለጀመረ መስከረም ሲመጣ ገና ሁለተኛውን ሴሚስተር አልጨረስንም ነበር። ለበዓሉ ልንበተን ስንል የሥነ ልቦና መምህራችን አንድ አሳይመንት ሰጠን። የአእምሮ ሕመምተኞች በየአካባቢያችን ሳይወዱ ሲታሰሩና ወደ ሕክምና ሲወሰዱ የኖሩበትን ታሪክ፣ ሕዝቡም ያንን እንዴት እንደሚያየው ጽፋችሁ አምጡ አለን።

«ከኢንተርኔት ገልብጣችሁ እንዳታመጡ» አለ። «ቤታችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። መስቀል ነው፤ ሽማግሌው ሁሉ ቤት አለ።»

ከክፍል ስንወጣ አብራኝ ዶርም ያለችው ልጅ፣ «እኛ ቤት እብድ የለም፤ እኔ ምን ልጻፍ?» አለችኝ።

«እኔም ጨንቆኛል» አልኳት።

ይህ ውሸት ነበር። እኛ ቤት ማንን እንደምጠይቅ መምህሩ ተናግሮ ሳይጨርስ አውቄው ነበር።

ቤታችን ሾኔ ከተማ ዳር ነው። ከሆሳዕና በሚኒባስ ዱራሜ፣ ከዱራሜ ደግሞ በሌላ ሚኒባስ ሾኔ ይገባል። የቤታችንን ልዩ ነገር መናገር ካስፈለገ፣ እኛ ቤት ቢላዋ አይታይም። እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ስትጨርስ ቢላዋውን አጥባ የት እንደምታስገባው ለእኔም አትነግረኝም። ዳቦ በእጅ ይቆረሳል፣ ብርቱካን በጥፍር ይላጣል፣ ሥጋ ደቆ ነው የሚቀርበው። ከለመድኩት ወዲያ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። ዶርም የገባሁ ሰሞን ልጆቹ ማንጎ የላጡበትን ቢላዋ ጠረጴዛ ላይ ጥለው ሲወጡ ደንግጬ አነሳሁና ፍራሼ ሥር ደበቅኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለጉት። በሦስተኛው ቀን አወጣሁላቸው፤ ለምን እንደደበቅኩት ግን እኔም ማስረዳት አቃተኝ።

ቢላዋው የሚደበቀው ከአጎቴ ነው። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ሲሆን ከእኛ ጋር ይኖራል። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ታመመ። ያኔ ሰባት ሰዎች ገመድ ይዘው መጥተው አስረው አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰዱት። ሦስት ወር ተኝቶ፣ ድኖ፣ መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። አሁን በየወሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒቱን ይቀበላል፤ አንድም ወር አሳልፎ አያውቅም። ሥራው አቮካዶ ነው። ጓሯችን ውስጥ በላስቲክ ከረጢት ችግኝ ያፈላል፣ የአንዱን ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ እየቀጠለ ለገበሬ ይሸጣል። ለዚህ ሥራ በቀን አምስት ስድስት ምላጭ ይጨርሳል። ምላጩን ከሱቅ የምትገዛለት እናቴ ናት። ከቢላዋ ይልቅ ምላጭ የበለጠ ስለት እንዳለው በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አላሰበም፤ እኔም ያሰብኩት አሳይመንቱን ስጽፍ ነው።

የሚፈራው ስለቱ ሳይሆን አንድ ቢላዋ ነው። የሰፈራችን ሰባት አባወራዎች በየዓመቱ ለመስቀል አንድ በሬ በጋራ ያርዳሉ። ቅርጫ እንለዋለን። በሬውን የሚመርጠውም፣ የሚያርደውም፣ መደቡን የሚደለድለውም አጎቴ ነበር። ከሻኛው፣ ከፍሪምባው፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱ ለሰባት ቤት እኩል ይቆርጣል። የሠራው መደብ ላይ ዕጣ ሲጣል፣ የትኛው ቢደርሰኝ ብሎ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም ይላሉ። በታመመ ጊዜ ያንን ትልቁን የቅርጫ ቢላዋ ይዞ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳለ። በማንም ላይ አላነሳውም። ይስል ነበር፣ በቃ። ድምፁን ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኩት የቅርጫችንን ሽማግሌ ነው። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ እሳቸው ናቸው። እንሰታቸው ውስጥ አረም ሲነቅሉ አገኘኋቸው። ደብተሬን ሳወጣ አዩና ሳቁ።

«ቀበሌ ተቀጠርሽ እንዴ?»

«አይደለም አባባ፤ ትምህርት ነው። ድሮ የሰው አእምሮ ሲታመም እንዴት ታደርጉ ነበር?»

«በእኛ ጊዜ ምሰሶ ነበር» አሉ። «ራሱ የዞረ ሰው ከቤቱ ምሰሶ ጋር ይታሰራል። የእናቴ ወንድም እግሩን በግንድ ተይዞ ሁለት ክረምት ተቀምጧል። እናቴ ነበረች የምታበላው። ይዘፍን ነበር። ድምፁ ጥሩ ስለነበር ሰው ሊሰማው እየመጣ በር ላይ ይቆም ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጸሎት ቤት ተከፈተ፤ ወደዚያ እንወስዳቸው ጀመር። አንዱ ተፈትቶ ይጸለይለታል፣ አንዱ እንደታሰረ። ኋላ ደግሞ መንገዱ ተሠራ፣ መኪና በዛ፣ አዲስ አበባ ቀረበች። ሆስፒታል ማለት መጣ። ገመዱ ግን ያው ገመድ ነው። ከምሰሶው ፈታነውና መኪናው ላይ አሰርነው።» ከዚያ፣ «ይኼን ጥሩ አድርጌ ነው የነገርኩሽ፤ ጻፊው» አሉ።

ጻፍኩት። ቀጥዬ፣ «አጎቴን ስታስሩትስ?» አልኳቸው።

የያዙትን አረም ነቅለው አፈሩን አራገፉ። ከዚያ ሌላ ነቀሉ።

«እሱንም ልትጽፊ ነው?»

«መምህራችን ከቤታችሁ ጠይቁ ስላለን ነው።»

«መምህራችሁ የራሱ ቤት የለውም?»

ደብተሬን ልዘጋ ስል እሳቸው ቀጠሉ። «ስሚ ልጄ። የታሰረ ሰው ይፈራል ይላሉ፤ ውሸት ነው። የሚፈራው ያሰረው ነው። እኔ አጎትሽ ሰላም ሲለኝ ፊቱን አላይም፤ እጁን ነው የማየው። ስምንት ዓመት እጁን አየሁ። አንድ ቀን ብድሩን ይመልሳል እላለሁ።»

«ሰድቦዎት ያውቃል?»

«አያውቅም። እሱ ነው የሚያስፈራው።»

ወደ ቤት ስመለስ አጎቴ ጓሮ ተቀምጦ ችግኝ ይቀጥል ነበር። ልጠይቀው አስቤ ሁለት ጊዜ ሳልደፍር አልፌው ሄድኩ። በሦስተኛው እሱ ጠራኝ።

«ነይ፣ ተቀመጪ። ሽማግሌውን ጠይቀሽ እኔን ልትተይኝ ነው?»

«ማን ነገረህ ጋሼ?»

«ሾኔ እኮ ነው ያለነው። ጠይቂ።»

«ስለዚያ ቀን ነበር።»

«ሁሉም ሰው ‹ያ ቀን› ይለዋል፤ ስም የሌለው ይመስል። ማክሰኞ ነበር።» ምላጩን ከንፈሩ ላይ ያዝ አድርጎ ላስቲኩን በቅርንጫፉ ዙሪያ ጠመጠመና ቋጠረው። «ቢላዋው ደንዟል የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ነበር። አልደነዘም። እስልና እፈትነዋለሁ፣ አይ ደንዟል እላለሁ፣ እንደገና እስላለሁ። ሰው ሁሉ ሸሸኝ። እናትሽ እንኳን ምግቤን በር ላይ አስቀምጣ ትሮጥ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት እነሱ መጡ። ሽማግሌው፣ ‹በሬ ልንገዛ ነው፤ ና እይልን› አሉኝ።»

«ገመዱን አላየህም?»

«አየሁት። የበሬ ገመድ ነው፤ በሬ ልንገዛ አይደል? ደስ አለኝ። ሦስት ቀን ያላናገረኝ ሰፈር በሬ ምረጥልን ብሎ መጣ። ቢላዋዬን አስቀመጥኩ፣ ጫማዬን አጥቤ አደረግኩ። ታጥቤ የወጣሁት ለገመዱ ነበር።» ይህን ሲናገር ሳቀ። የምሬት ሳቅ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ጫማ አጠባ በሩቅ ቆሞ የሚያይ ይመስል ነበር።

ሆስፒታሉ እንዴት እንደነበር ጠየቅኩት። በሰፈራችን የዚያ ሆስፒታል ስም ስድብ ነው፤ ልጆች ሲጣሉ «አንተ የእዚያ ሰው» ይባባላሉ። አጎቴ ግን ስለ ሆስፒታሉ ሲያወራ ስለ ወታደር ቤት እንደሚያወራ ሰው ነው።

«መጀመሪያ ያገኘሁትን ሁሉ ሰደብኩ። ከዚያ ተኛሁ። ልጄ፣ እንቅልፍ እንዴት እንደሚጣፍጥ የሚያውቅ ያጣው ሰው ብቻ ነው። አጠገቤ የተኛው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ጠዋት ጠዋት አልጋውን አስነስቶ ወደ ድሬዳዋ ይነዳል። ‹ግቡ፣ ቦታ አለ› ይለናል። እኛም ሄደን እንቀመጥለታለን። ልክ ድሬዳዋ ስንገባ ቁርስ ይመጣል። ከዳነ በኋላ ራሱ፣ ‹ስንቴ ወስጃችኋለሁ፣ አንድ ቀን እንኳን ረዳት የሆነኝ የለም› እያለ ይስቅብን ነበር።»

እኔም ሳቅኩና መጻፍ አቃተኝ። ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ግን መምህሩ ራሱ ያዘዘን ስለነበር ጠየቅኩት። «ባያስሩህ ኖሮ ምን ትሆን ነበር?»

«አልኖርም ነበር ይሆናል።»

«ሆስፒታል እንሂድ ብለው በግልጽ ቢነግሩህስ፣ ትሄድ ነበር?»

«እንዴት ብዬ እሄዳለሁ? እኔ ጤነኛ፣ ቢላዋው በሽተኛ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ልክ ነበሩ ማለት ነው?»

ሁለት ችግኝ ጨረሰ። «ገመዱን ይቅር ብያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ያስከፋኝ በሬው ነው። በሬ አልነበረም። ሌላ ነገር ቢዋሹኝ ምን ነበረበት፤ የማውቀውን አንድ ነገር አንስተው ዋሹኝ። ከተመለስኩ ወዲህ ደግሞ አንድም ሰው ‹በሬ እይልን› ብሎኝ አያውቅም። ቃሉን እነሱው ፈሩት። መስቀል ሲደርስ ሥጋዬን በሳህን ይልኩልኛል፤ እኔ በር ዘግቼ ሲስቁ እሰማለሁ። ዱራሜ አንድ ችግኝ ጣቢያ ሥራ እንስጥህ፣ ና ብለውኛል። ዘንድሮም እንዲሁ ካለፈ ከበዓሉ ማግስት እሄዳለሁ፤ ከዚህ በኋላ አንድ መስቀል በር ዘግቼ አልቀመጥም። ለአባትሽ አልነገርኩትም፤ አንቺም አትንገሪው።»

አልነገርኩትም። ግን ከአጎቴ ጋር በአንድ ቤት ነው ያደግኩት፤ ያለእሱ ጓሮው ምን እንደሚመስል ማሰብ ከበደኝ።

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት የቅርጫው ሰዎች ችግር ገጠማቸው። አጎቴ ከታመመ ጀምሮ ሥጋውን የሚደለድለው ባለሱቁ ነበር። አባቱ ከጉራጌ መጥተው እዚሁ ሾኔ ቆርቆሮና ሚስማር መሸጥ የጀመሩ፣ እሱም ሱቁን የወረሰ፣ ሰው የሚወደው ጨዋታ አዋቂ ነው። ሥጋ ሲቆርጥ ግን ቆርቆሮ የሚቆርጥ ነው የሚመስለው ይሉታል። የእሱ መደብ ላይ ዕጣ ሲጣል አንዱ ሻኛ በሻኛ ይሆናል፣ አንዱ አጥንት ተሸክሞ ይገባል፤ በየዓመቱ እስከ ገና የማይነጋገሩ ሁለት ጎረቤቶች አይጠፉም። ዘንድሮ ደግሞ የተሳፈረባት ባጃጅ ጭቃ ላይ ተገልብጣ ቀኝ እጁ ጀሶ ውስጥ ገባ። ከተማው ውስጥ ያሉት ሥጋ ቆራጮች ሁሉ በሌላ ቅርጫ ተይዘዋል። ሰዎቹ ተሰብስበው ተመካከሩና እኛ ቤት መልእክት ላኩ። አጎቴን አልጠሩትም። ራሳችን ቆርጠን እንሞክራለን፤ ትልቁን ቢላዋ ብቻ አውሱን አሉ።

አባቴ መልእክቱን ሰምቶ ወደ ጓዳ ገባ። እናቴን በቀስታ፣ «የት ነው ያለው?» አላት።

«ቆጡ ላይ።»

ቆጡ ላይ ወጣ። የለም።

«አንተ ነህ ያነሳኸው» አለች እናቴ።

«እኔ? አዎ፤ አንዴ ወደ እህል ጎተራው ወስጄዋለሁ።»

ጎተራው ውስጥ እጁን እስከ ትከሻው ከትቶ ፈለገ። የለም።

«ከጎተራው እኔ አውጥቼዋለሁ፤ አይጥ ስናጸዳ» አለች እናቴ።

«ወዴት?»

«እሱን ነው የማላስታውሰው።»

ስምንት ዓመት አንዱ ለሌላው ሳይናገር ሲደብቁት ኖረው አሁን ሁለቱም አጡት። ፍራሽ ተገለበጠ። የቆጮው ጉድጓድ ድንጋዩ ተነሳ። አባቴ የቆርቆሮ ሳጥኑን ከእነልብሱ ዘረገፈ። እናቴ ሲጨንቃት ወደ ከምባትኛ ትገባለች፤ አባቴ ደግሞ በሀዲይኛ ይመልስላታል፤ እኔ መሀል ቆሜ ሁለቱንም በአማርኛ ቀስ በሉ እላለሁ። ቀስ የሚባለው አጎቴ ጓሮ ስለነበር ነው።

አጎቴ በሩ ላይ ብቅ አለ። እጁ አፈር ነበር። የተዘረገፈውን ልብስ አየና፣ «ምን ጠፋ?» አለ።

እናቴ፣ «ምንም ጋሼ፤ ቤት እያጸዳን ነው። እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ» አለችው።

«ቢላዋው ከሆነ» አለ አጎቴ፣ «መጀመሪያ ቆጥ ላይ ነበር። ከቆጥ ጎተራ ገባ። ከጎተራ አንቺ አውጥተሽ በአሮጌው ጆንያ ጠቀለልሽው። ጆንያውን ደግሞ ወንድሜ ሳያውቅ እኔ ክፍል ወርውሮታል። አሁን ያለው ከአልጋዬ ሥር ነው። አራት ዓመት ሆነው።»

አባቴ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«ስታዞሩት እያየሁ እንዴት አላውቅም? ለእናንተ ነው ያዘንኩት፤ ስትደክሙ።»

እኔ ነኝ ገብቼ ያወጣሁት። ጆንያውን ስፈታው ዝገት ይኖረዋል ብዬ ነበር። ቢላዋው ያበራ ነበር። እንደ ሙሽራ ፀጉር ቅቤ ተቀብቷል።

«ዝገት ይበላዋል ብዬ በየመስቀሉ ዋዜማ እቀባዋለሁ» አለ አጎቴ። «ቀብቼ እመልሰዋለሁ። ውሰዱላቸው፤ ሰው እየጠበቀ ነው።» ይህን ብሎ ወደ ጓሮው ተመለሰ።

አባቴ ቢላዋውን ይዞ እስከ አጥሩ ድረስ ሄደና ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ ለእናቴ ሰጣት። እናቴም ለእኔ ሰጠችኝ። በእኛ ቤት ታሪክ ሦስት ሰው ያንን ቢላዋ በቀን ብርሃን ሲቀባበል ያ የመጀመሪያው ነበር። አባቴ ባዶ እጁን ወደ ቅርጫው ሰዎች ሄደ። እዚያ የተናገረውን አልሰማሁም፤ ኋላ ባለሱቁ እንደነገረኝ አባቴ ያለው፣ «ቢላዋው አራት ዓመት ከአልጋው ሥር ነበር፤ እኛ አጠገቡ ተኝተናል፤ ሁላችንም ይኸው አለን። እኔ ከእንግዲህ ቢላዋውን ያለወንድሜ አላወጣም» ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው፣ ሌሎቹን አስከትለው መጡ። አባቴ ከኋላቸው ነበር። ጓሮው አፍ ላይ ቆሙ። አጎቴ ከችግኙ ቀና አለ። ሽማግሌው የሚናገሩት ያጡ ይመስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ስለ ዝናቡ አነሱ፣ ችግኙ ጥሩ ነው አሉ። ከዚያ ወጣላቸው።

«በሬ ልናርድ ነው» አሉ። «ና እይልን።»

ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ቃሉን ያወቁት። ከኋላ የቆሙት ሰዎች መሬት መሬት አዩ። እኔ ቢላዋውን በጀርባዬ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ።

አጎቴ እጁን አራገፈ። ቀስ ብሎ ተነሳ።

«በሬው አለ?» አለ።

«አለ» አሉ ሽማግሌው።

«የት?»

«ባለሱቁ ጓሮ ታስሯል።»

«እንግዲያው እዚህ አምጡት። ሳላየው አልወጣም።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሰፊ ሳቅ ፊታቸው ላይ መጣ፤ ጥርሳቸው ጥቂት ነው፣ ያለው ሁሉ ታየ። «አምጡት» አሉ ዘወር ብለው። «ልክ ነው። ሳያይ አይወጣም።»

በሬው ከባለሱቁ ጓሮ እኛ ቤት ለመምጣት ዋናውን መንገድ ማቋረጥ ነበረበት። በመስቀል ዋዜማ ሾኔ ላይ መንገድ ማቋረጥ ለሰውም ከባድ ነው። በሬው መሀል አስፋልት ሲደርስ ቆመ። ባጃጆች ጥሩምባቸውን ነፉ። አንዱ ሾፌር፣ «ወዴት ነው የምትወስዱት? የሚታረድበት ወዲያ ነው» ብሎ ጮኸ። ባለሱቁ ጀሶውን ከፍ አድርጎ፣ «ለቃለ መጠይቅ ነው» አለው። አባቴ ከኋላ ይገፋል፣ ሽማግሌው ከፊት በዱላቸው መንገድ ያስከፍታሉ፣ ሴቶች ቅቤያቸውን ይዘው ቆመው ይስቃሉ። እንዲህ ሆኖ በሬው ተከብሮ ደጃፋችን ደረሰ።

አጎቴ ጫማውን አጥቦ አድርጎ ቆሞ ነበር። በሬውን ዞረው። ጀርባውን ዳሰሰ፣ ሻኛውን በመዳፉ መዘነ፣ ጥርሱን አየ፣ ጎኑን ጫን አድርጎ ለቀቀ።

«ከየት ገዛችሁት?»

«ከአንጋጫ» አለ አንዱ።

«ማን መረጠው?»

ባለሱቁ ጀሶውን አነሳ።

«የተሰበረው እጅህ ነው ዓይንህ?» አለው አጎቴ።

ሁሉም ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው ባለሱቁ ነው። አጎቴ ግን ሥራ ላይ ስለነበር አልሳቀም። «ሻኛው ያሳፍራል። ጎኑ ደህና ነው። ይበላል» አለና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ስለቱን በእኔ በኩል፣ እጀታውን በእሱ በኩል አድርጌ ሰጠሁት። ከሰዎቹ አንዱ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል አየሁ። አጎቴም ያየው ይመስለኛል።

በሬው ታርዶ፣ ተገፎ፣ የኮባ ቅጠሉ ላይ ሰባት መደብ መሠራት ሲጀምር እኔ ደብተሬን ረስቼ ነበር። አጎቴ ሲቆርጥ አይቸኩልም። ከፍሪምባው ሰባት፣ ከጎድኑ ሰባት፣ ከጉበቱ ሰባት፤ አንዱ መደብ ላይ ጣል ያደርግና ራቅ ብሎ ያያል፤ ተመልሶ የጣት ያህል ቆርጦ ወደሌላው ያሻግራል። አጠገቡ ያለውን ሰው፣ «ያዝልኝ»፣ «ዘቅዝቀው»፣ «እግርህን አንሳ» ይላል። ያሰሩት ሰዎች ሁሉ እግራቸውን አንሱ ሲባሉ ያነሳሉ። ግማሽ እርምጃ ያፈገፈገው ሰውዬ ሳይታወቀው ከአጎቴ ፊት ተንበርክኮ የበሬውን ጭን አቅፎ ይዞ ነበር።

አባቴ በዚያ መሀል ጎንበስ ብሎ፣ «ዱራሜ ሥራ ሰጥተውሃል የሚባለው እውነት ነው?» አለው። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እኔ አይደለሁም። ሾኔ ነው።

«ጠይቀውኛል» አለ አጎቴ፣ ከጎድኑ ዓይኑን ሳያነሳ።

«ትሄዳለህ?»

«የሚቀጥለውን በሬ ለዚህ ሰውዬ አስመርጬ ልሂድ?» አለና በቢላዋው ጫፍ ወደ ባለሱቁ ጠቆመ። ባለሱቁ፣ «ሂድ፣ ሂድ፤ ለእኔ ሻኛ ይበቃኛል» አለ። አባቴ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ብዙ ቆየ።

ዕጣ ተጣለ። ሰው ሁሉ ወደየመደቡ ሄዶ አየ፣ የጎረቤቱንም አየ። ክርክር የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። ማንም አልተናገረም። «ምን ሆናችኋል?» አለ ባለሱቁ፤ «ስምንት ዓመት በእኔ ላይ የተማራችሁትን ጩኸት የት ጣላችሁት?»

አጎቴ ለራሱ ከደረሰው ከሽንጡ ላይ አንድ ለስላሳ ቁራጭ ቆረጠ። በቢላዋው ጫፍ ወጋውና ወደ ሽማግሌው ዞረ። በእኛ ቅርጫ የመጀመሪያውን ጥሬ ሥጋ ደልዳዩ በቢላዋ ጫፍ ለታላቁ ሰው ያጎርሳል። ድሮ ልጆች ከቅርጫው ስለሚባረሩ፣ ከዚያም ስምንት ዓመት ስላልተደረገ እኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ቢላዋውን አዩ፣ እጁን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ።

አጎቴ ቢላዋውን ባለበት አቆመው። «ዓይንዎን ይክፈቱ እንጂ አባባ» አለ። «ሥጋውን ሳያዩ ሊበሉ ነው?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፈቱ። ከእጁ ወደ ላይ፣ ፊቱን አዩት፤ አጎቴ እየሳቀ ነበር። ሥጋውን በከንፈራቸው ከቢላዋው ላይ ወሰዱትና ማኘክ ጀመሩ። ሁላችንም አፋቸውን እናይ ነበር። ቀስ ብለው አኝከው ዋጡ፣ አሰቡ።

«ሚጥሚጣ የለውም» አሉ።

እናቴ እየሳቀች ወደ ቤት ሮጠች።